የአውሮፕላኑ ሳል

ጎረቤቴ ማለዳ ሞተር ብስክሌቱን ሲያስነሳ ሞተሩ እያሳለ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያልነደደው ቤንዚን ሽታ በመስኮቴ ሲገባ፣ በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ጣሊያኖች አውሮፕላን የሚያሳርፉበት ሜዳ ላይ እቆማለሁ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ሜዳውን የሚደለድለውን ሠራተኛ ዶማ እንዲያበጅ አስገድደው ወስደውት፣ እኔ ምሳውን አደርስለት ነበር። አንድ ቀን መካኒኮቹ ሞተሩ የሚያስል አንድ አውሮፕላን ከበው ሲቸገሩ አየ። ማንም ሳይጠይቀው አስተርጓሚውን ጠራና፣ "ነዳጁ በዝቶ አየር አንሶታል። ወናፌ ሲታፈን ከሰሌም እንዲህ ነው የሚያጨሰው። አየር የሚስብበትን አፍ እዩት" አለው። ቢከፍቱት በአቧራና በገለባ ተደፍኗል። ሲጠርጉት ድምፁ ጠራ። መካኒኩ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አባቴ ፈገግ አለ።

በመንደራችን ቦምብ ጣዩን የምንለየው በሳሉ ነበር፤ ስንሰማው ወደ ገደሉ እንሸሻለን። በሳምንቱ ሳያስል መጣ። ፖስታ የሚያመላልሰው አውሮፕላን መስሏቸው ከአውድማው የሸሸ አልነበረም። የአባቴ እህት እዚያው ቀረች።

ከቀብር መልስ አባቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ፣ "እጄን አስገድደው ነው የወሰዱት። አፌን ማን አስገደደው?" አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ጎረቤቴ ሞተሩን ፈታትቶ፣ "እማማ፣ ምን ሆኖብኝ ይሆን?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ" አልኩትና መስኮቱን ዘጋሁ።