የሜሮኑ አማሳይ ኩስታ

የአማቴን የኩስታን ነገር ልጻፍ ካልኩ ቆየሁ። እኔ የማውቀው እንጨት መፍለጥ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ነው። ግን እሱን የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው፤ ዝም ብል ማን ሊያወራለት ነው ብዬ ነው።

ኩስታ እዚህ አንጾኪያ ዘይት ጨማቂ ነበር። ፓትርያርኩ በየስንት ዓመቱ ሜሮኑን፣ ቅብዐ ቅዱሱን፣ ሲያፈሉ ደግሞ እሱ ይጠራል። ዘይቱና ሽቱው በሰሞነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይፈላል፤ ሐሙስ ይባረካል። ያንን ትልቅ የመዳብ ድስት የሚያማስለው ኩስታ ነው። ከእሳቱ መውረጃው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ከቀደመ ውኃው ሳያልቅ ይቀርና ይበላሻል፤ ከዘገየ ያራል። አፍንጫው የታወቀ ነበር። በገበያ ሲያልፍ ዓሣ ሻጮቹ፣ «ኧረ በሌላ መንገድ ሂድልን፣ ታጋልጠናለህ» ይሉታል።

ያ ዓመት ክፉ ነበር። አባታችን ፓትርያርኩ ከተሾሙ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለቱን ያሳለፉት ሐለብ፣ ከተማችንን በሚገዛው አሚር እስር ቤት ነው። አሚሩ የሮም ሰላይ ይላቸዋል፤ ሮሞች፣ የቁስጥንጥንያዎቹ፣ የዐረብ ሎሌ ይሏቸዋል። አንዱ በጠራቸው ቁጥር ጫማቸውን ፈልገው ይነሣሉ።

በቤተ ክርስቲያኑ ያለው ሜሮን ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። በጾሙ እኩሌታ የቁስጥንጥንያው ልዑክ ሌዎንጥዮስ ያለቀለት ሜሮን በብር ማሰሮ ይዞ መጣ። «ስጦታ ነው» አለ። አባታችን ያንን ከተቀበሉ መንበሩ ለሮም ገባ ማለት ነው፤ የአሚሩ ሹም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ሐለብ ይወስዷቸዋል፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ አይመለሱም። ላለመቀበል የራሳችን ሜሮን መኖር አለበት። ሜሮኑ ውስጥ የሚገባው ሽቱ፣ የግብፁ በለሳን፣ መንገዱ ተዘግቶ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ የቀረው ለአንድ ድስት ብቻ ነው። ያ ድስት ካረረ አለቀ።

ኩስታ ደግሞ በብርዱ ወራት በትኩሳት ተኝቶ ሲነሣ ማሽተት አቁሞ ነበር። የምናውቀው ልጁ ዋርዳና እኔ ባሏ ብቻ ነን። ዋርዳ የነቃችበት ምስሩ አሮ ቤቱ ሲጨስ እሱ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ወግ ሲጠርቅ አግኝታው ነው።

«ንገራቸው አባባ» አለችው።

«ምን ብዬ? አፍንጫዬ ጠፋ ልበል? ይኸው ፊቴ ላይ ተቀምጦ።»

«በአባታችን ነፍስ ነው የምትቀልደው?»

የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እኔን አስከትሎ ሄደ።

አባታችን በለሷ ሥር ተቀምጠው፣ የእግር ብረት የበላውን ቁርጭምጭሚታቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነበር። ኩስታ መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። አንዲት የበለስ ቅጠል ውኃው ላይ ወድቃ ትዞር ነበር፤ ሦስታችንም እሷን እናያለን።

«ሁልጊዜ በአፍንጫህ ብቻ ነበር?» አሉት።

«በጆሮዬም ነው መሰለኝ አባታችን። ዘይት ውስጥ ውኃ ካለ ያወራል። ውኃው ሲያልቅ ዝም ይላል። ግን ሰው እየጮኸ ማን ይሰማዋል?»

«እንግዲያው ሰው ዝም ይላላ።»

«የሹሙ ወታደሮችም?»

«እለምናቸዋለሁ። ሐለብ ሁለት ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሃል?»

«ካረረስ?»

«ቢያር ጫማዬን ታቀብለኛለህ» አሉ፤ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

ረቡዕ ከተማው ዝም አለ። አሁንም ሳስበው ያየሁት በሕልሜ ይሁን በዓይኔ ያጠራጥረኛል። አናጢዎቹ መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ውኃ ሻጮቹ የአህዮቻቸውን ቃጭል ፈቱ። ዲያቆኑ መጽሐፉን ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያነባል። የሹሙ ሰው ዙሐይር የብሩ ማሰሮ ይከፈት እንደሆነ ለማየት መጥቶ ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን ተደግፏል። ሌዎንጥዮስ ማሰሮውን ታቅፎ አጠገቡ ተቀምጧል። እኔ ከድስቱ ሥር ነኝ፤ እንደ ልማዱ ሌላ ቦታ የማይጣል ያረጀ ልብሰ ተክህኖና ፊቱ የጠፋ ሥዕል እማግዳለሁ። የወርቁ ክር ሲነድ አረንጓዴ ይሆናል። እርግቦቹ ሲነሡ ክንፋቸው ይሰማል። ከተማው ሁሉ ውኃ ውስጥ የሰጠመ፣ እኛም ከሥሩ ቁጭ ብለን የምንተነፍስ መሰለኝ።

ኩስታ ዓይኑን ጨፍኗል። የማማሰያውን እጀታ የጉንጩ አጥንት ላይ አስደግፎ በእንጨቱ ውስጥ ያዳምጣል።

በዚህ መሃል ዙሐይርን ሊያስነጥሰው መጣ። ፊቱ ቀላ። ሌዎንጥዮስ አየውና የራሱን ሰፊ እጅጌ ዘረጋለት። ዙሐይር ፊቱን እዚያ ውስጥ ቀብሮ ትከሻው ብቻ ዘለለ።

ኩስታ እጁን አነሣ። «አውርዱ።»

አንድ ቄስ ጎንበስ ብለው፣ «ገና አረፋ አለው እኮ ኩስታ» አሉ በሹክሹክታ።

«አውርዱ አልኩ።»

ቄሱ አባታችንን አዩ። አባታችን የቀሚሳቸውን ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው የድስቱን ጆሮ ያዙ። እኔ በወዲያ በኩል ያዝኩ፤ አወረድነው።

ሽታው ቀስ ብሎ ወጣ። ኩስታ ግን ድስቱን አላየም። ፊታችንን ነው ያየው፣ አንድ ባንድ። የእኔን፣ የቄሱን። ዙሐይር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሌዎንጥዮስ ካባውን በማሰሮው ላይ ቀስ አድርጎ ሳበና ሸፈነው። ያኔ ነው ኩስታ መሬት ላይ ቁጭ ያለው።

ሐሙስ ተባረከ። ሌዎንጥዮስ ማሰሮውን እንዳመጣው ይዞ ተመለሰ፤ ሹሙም የሚከስበት አጣ። አባታችን ከዚያ በኋላ ሐለብን አላዩም። ከሦስት ዓመት በኋላ በገዛ አልጋቸው ዐረፉ።

ያን ረቡዕ ወደ ቤት ስንመለስ ኩስታ በእኔ ክንድ ተደግፎ ነበር።

«ሐቢብ፣ ሜሮኑ ምን ምን ይሸታል?» አለኝ።

እኔ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። ድልድዩን ተሻግረን ነው የመለስኩለት።

«ዋርዳ ፀጉሯን ታጥባ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ እንደሚሸተው» አልኩት።

«አንተ ባለጌ፣ ሕማማት ነው» አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ግን፣ «እናቷም እንደዚያ ነበረች» አለ።