ቂጧን ያልሰቀለች ቢምቢ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፍሌሚንግተን ከእኔ ጋር አንድ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ መኮንን፣ ድሮ አርባ ምንጭ የወባ መድኃኒት ይረጩ ስለነበር ቢምቢን እሳቸው የፈጠሯት ይመስላቸዋል።

ባለፈው በጋ አብረን ቢች ወረድን። ከባሕሩ ዳርቻ ጀርባ ካለው ረግረግ አጠገብ ገና ከመቀመጣችን ቢምቢው ወረረን። የሚቀባ መከላከያ ብሰጣቸው ሳቁብኝ።

«የወባዋ ስታርፍ ቂጧን ትሰቅላለች። ይቺ ለጥ ብላለች፤ ምን ታመጣለች?» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉላት። ጠጥታ ሄደች። ሌላዋ መጣች፤ መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት፤ አሳለፏት። ፓስፖርት የሚያዩ እንጂ ደማቸውን የሚያስመጥጡ አይመስሉም!

«ጋሼ፣ እዚህ የቢምቢው ዓይነት ብዙ ነው፤ በሽታውም ወባ ብቻ አይደለም» ብላቸው፣ «ዩቲዩብ አይተህ እኔን ልታስተምር?» አሉኝ። ተውኳቸው። ራሱን ገበታ አድርጎ ለሚያቀርብ ሰው ምን ይባላል?

ከሳምንታት በኋላ ጉልበታቸው አብጦ መነሳት አቃታቸው። ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የደም ምርመራውን አየችና ቢምቢ ያስተላለፈችባቸው ቫይረስ ነው አለች። አስተረጎምኩላቸው።

ጋሼ ሐኪሟን ከእግር እስከ ራሷ በንቀት አዩዋትና ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ንገራት፤ አንዷም ቂጧን አልሰቀለችም።»