ከሰው ይራቅ የተባለው ወተት

እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ሚስማር ተመልከቱት። ከበሩ ስትገቡ በስተቀኝ፣ ጭስ ባጠቆረው ጭቃ ላይ፣ ክብ ነጣ ያለ ምልክት ታያላችሁ። ለዓመታት ቅል የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። አሁን ቅሉ የለም። እንግዳ ገብቶ ኮቱን ሊሰቅልበት ሲል ሃጂራ «እሱን ተወው፣ ባለቤት አለው» ትላለች።

ሃጂራን የባሌዋ ሮቤ ከተማ የሚያውቃት በእርጎዋ ነው። ባለጋሪውም፣ ባለሱቁም፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም «የሃጂራ እርጎ» ካለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ በማንኪያ የሚቆረስ፣ የወይራ ጭስ የሚሸት እርጎ ነበር። ሙያውን ገሰራ ገጠር ሳለች ከእናቷ ነው የተማረችው። ከአንድ ላም በላይ ኖሯት አያውቅም። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች አንድ ላምና በዚያ አንድ ቅል ነው።

ጎረቤቷ አሰፋች ነበረች፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ። በመካከላቸው ያለችው አጥር ለስም ያህል የቆመች ናት፤ ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱባት መሐሏ ተበርግዶ በር ሆኗል። በረመዳን አሰፋች የሾርባ ቅመም ትልካለች፣ በፋሲካ ሃጂራ እርጎ ትልካለች። ቅሉ ሄዶ ባዶውን የተመለሰበት ቀን የለም። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ሌላው ቢጠፋ እፍኝ ገብስ ይደረግበታል።

ዳለች የምትላት ያቺ ላሟ ታመመች። መዥገር ወሯት ነበር። ትኩሳት ያዛት፣ መብላት ተወች፣ ወተቷም ደረቀ። ሃጂራ ከሊልን አስጠራች።

ከሊል የእንስሳት ሐኪም አይደለም። ገመድና የበግ ቆዳ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ሲሪንጅ ገዛ፣ በማግስቱ «ዶክተር» ተባለ። ማን አለው? እኛ። መርፌ የያዘ ሁሉ ሐኪም ነው ብለን ተስማምተናል። ክኒን የሚያዝ ሐኪም እንንቃለን፣ «ቆይ ልመርምር» የሚለውን ደግሞ አናውቅም ብለን እንተወዋለን፤ ወዲያው የሚወጋውን እንመርቃለን።

ከሊል ጠርሙሱን ከጃኬቱ ኪስ አወጣ። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ ነው። መርፌውን በጃኬቱ ጫፍ ጠረገው። ጠዋት የማንን በሬ ወግቶበት እንደመጣ አላህ ይወቅ።

«ምንድን ነው የምትወጋት፣ ልጄ?»

«ሃያውን ነው፣ ሃርሜ» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው።

«ሃያ ምን?»

«ሃያ ነዋ። አስሩ ደካማ ነው። ሃያው አንዴ ከተወጋ ይበቃል።»

ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት ገበያው የሚጠራው እንዲህ በቁጥር ነው። ቁጥሩ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ይናገራል። እኛ ግን የጉልበት ደረጃ መሰለን፤ ሃያ ከአስር ይበልጣል፣ አለቀ። መድኃኒቱ ለብዙ ባክቴሪያዎችና መዥገር ለሚያመጣቸው አንዳንድ የደም በሽታዎች ይሠራል። ለሆድ ትል አይሠራም፣ ለቫይረስ አይሠራም። ያ ከሊል የሚያወራለት «ሃያ» ደግሞ ሰውነት ውስጥ ለቀናት እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሰውነት ውስጥ ከቆየ ወተት ውስጥም ይቆያል፣ ሥጋ ውስጥም ይቆያል። ይህን የሚናገር ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ አለ። ከሊል ኪስ ውስጥ ጽሑፉ ታሽቶ ጠፍቶ ነበር፤ ባይጠፋም አያነበውም።

ስንት እንደሚሰጣት ለማወቅ ራቅ ብሎ ቆመና ላሟን አያት። በቃ፣ አያት። ከዚያ ሲሪንጁን ሞላና ሙሉውን አንድ ቦታ፣ አንገቷ ላይ ወጋት። ቦታው አብጦ ሰነበተ።

ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ነው ያስታወሰው። «ወተት ከጀመረች ለትንሽ ቀን ከሰው ያርቁት፣ ሃርሜ» አለና ሄደ።

ከሰው ያርቁት። ማለት የፈለገው ሰው አይጠጣው ነው። አፉን ሞልቶ «መድኃኒት አለበት፣ ይድፉት» ቢል ምን ነበረበት? ወተት ይደፋ ማለት ነውር ስለሆነ አፈረ። ወተት መድፋት በእኛ አገር እርግማን እንደመጥራት ነው፤ ስለዚህ ነገሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ተናገረው።

ሃጂራ ደግሞ ቃሉን ባደገችበት ልማድ ሰማችው። ከበሽታ የተነሣች ላም ወተት ከሰው ዓይን ይሸፈናል። እናቷም አያቷም ሸፍነዋል። «ኢጃ ነው የፈራው፣ ደግ ልጅ ነው» አለች፤ ኢጃ ማለት ዓይን ነው። አዲስ ነጠላ ቀደደች፣ ለባልዲው ክዳን ሠራች። ወተቱን ከሰው ዓይን እንጂ ከሰው ሆድ አላራቀችውም።

ዳለች ዳነች። ወተት በጀመረችበት ዕለት ሃጂራ ቅሉን አጥና፣ ወተቱን ልትገለብጥ ክዳኑን ስታነሣ አሰፋች በአጥሩ ቀዳዳ ገባች፣ ወንፊት ልትዋስ።

«ውይ፣ ዳለች ዳነችልሽ? ወተቷ እንዴት ያምራል» አለች።

ዓይን እንዳይገባ የሚባለውን ማሻአላህ አላለችም። አሰፋች ክርስቲያን ናት፤ ግን ለሃጂራ ስትል ሁልጊዜ ትለው ነበር። እንዲያውም ሃጂራ «ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ ሐጅ መሄድ ያለብሽ» ትላት ነበር። የዚያን ቀን ረሳችው። ወንፊቱን ይዛ ወጣች።

ወተቱ አልረጋም። በማግስቱም አልረጋም። ቅሉ ታጠበ፣ እንደገና ታጠነ፣ አልረጋም። ሃጂራ ግን ደንበኛ አላት፤ ቀጠን ያለውን ይዛ ሄደች። ሻይ ቤት ያላት መርዋ ብርጭቆው ውስጥ አየችና ሰው በሞላበት፦

«ይሄ እርጎ ነው ጥሬ ወተት? ውሃ ጨመርሽበት እንዴ፣ ሃጂራ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ጠብ አድርጋ የማታውቅን ሴት ይህን ጠየቀቻት። ሃጂራ ፊቷ ጋለ።

«ውሃስ አልጨመርኩም። ዓይን ገብቶበት ነው። አሰፋች አየችው።»

ያለችው ይህን ብቻ ነው። ወሬው ቅመም ተራ ሲደርስ ሃጂራ ገና ቤቷ አልገባችም።

ከዚያ የሆነውን ለመናገር ያስጠላኛል፣ ግን እናገራለሁ። እናቶች በአሰፋች ፊት ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በሻሽ ሸፈኑ። «በርበሬሽ ጥሩ ነው፣ ግን ዛሬ አለኝ» የሚል ደንበኛ በዛ። ልጇ ፌበን ለኢብሳ ታጭታ ነበር፤ ቀን ሊቆርጡ የተቀጠሩት ሽማግሌዎች ቀሩ። ዓይን በዘር ይወርዳል ይባላላ። የተማረው ኢብሳም የፌበንን ስልክ ማንሳት ተወ።

አሰፋች አጥሩ ጋ መጣች። በቀዳዳው አልገባችም፣ ከወዲያ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«ያየሁትን ነው ያልኩት።»

«ምን አየሽ?»

«ወተቴ አልረጋም፣ አሰፉ።»

አሰፋች ወንፊቱን በአጥሩ ላይ አቀበለቻት። ውስጡ ጥቂት ድንብላል ነበር። በዚያ ቀን እንኳ ባዶውን አልመለሰችም። ብዙም ሳትቆይ ዕቃዋን አስጭና፣ ፌበንን ይዛ፣ ጎባ ከተማ እህቷ ጋ ሄደች።

ነገሩን የሚያጠናክር ደግሞ መጣ። አሰፋች አጥሩን መሻገር ባቆመች ሰሞን ወተቱ እንደ ድሮው ረጋ። «አያችሁ፣ ዓይኗ ሲርቅ» ተባለ። መድኃኒቱ ከላሟ ወጥቶ እንደሆነ ማንም አላሰበም። ያልረጋውን ወተት እኮ ሰው ጠጥቶታል፣ ሕፃናት ጠጥተውታል። እንዲህ በወተትም በሥጋም በጥቂት በጥቂቱ ሲገባብን ጀርሞቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ የታመምን ዕለት ለእኛ እምቢ ይላል። ይህ ለማንም ወሬ አልሆነም። ወሬ የሆነው የአሰፋች ዓይን ነው። ዓይን ያለበት ሰው ከተፈለገ ከሊል አለ፦ የላም ክብደት በዓይኑ መዝኖ የሚወጋ።

በሚቀጥለው ክረምት ዳለች እግሯ አመረቀዘ። ከሊል ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ከተሳላሚ ተጓዦች ጋር ወርዶ ስለነበር አልተገኘም፤ ሃጂራ ሳትወድ ላሟን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ነዳች። ዓብዱልፈታሕ የሚባለው ሐኪም የላሟን ትኩሳት ለካ፣ ክብደቷን ለማወቅ ደረቷን በሜትር ለካ፣ ንጹሕ መርፌ አወጣ፣ መድኃኒቱን ከፋፍሎ በተለያየ ቦታ ወጋት። ሃጂራ «ለላም ቀሚስ ልትሰፋላት ነው?» ብላ ቀለደችበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጠርሙሱን አንሥቶ አነበበላት።

«ሃርሜ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ አልበው ጉድጓድ ውስጥ ይድፉት። አይጠጡት፣ አይሽጡት፣ ለጎረቤትም አይስጡት። ላሟም እንዳትታረድ። እርጎ ልሥራበት ቢሉም አይረጋልዎትም።»

«ለምን አይረጋም?»

«መድኃኒቱ ነዋ። ወተት የሚያረጋውም በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር ነው። እሱንም ይገለዋል።»

ሃጂራ ዞራ ዳለችን አየቻት። ሐኪሙ ያልገባት መስሎት ሊደግምላት ሲል፦

«አምና ሃያውን ወግተዋት ነበር» አለች።

«ታዲያ አምናም አልረጋልዎትማ።»

«አልረጋም።» የዳለችን ገመድ ለቀቀችው። «ያ አላህ። አሰፋች።»

ያን ሳምንት ወተቱን ደፋች። ቢስሚላህ እያለች ደፋች። ወተቱ ንጹሕ ሆኖ በረጋ ቀን ቅሉን ከሚስማሩ አውርዳ፣ እርጎ ሞልታ፣ በሚኒባስ ጎባ ሄደች።

አሰፋች በሩን ከፈተች፣ ቅሉን አየች።

«ክዳኑን ያዝ አድርጊው» አለች፤ «እኔ አለሁ።»

ሃጂራ እዚያው ደጃፍ ላይ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከሊልን፣ ሃያውን፣ ከሰው ያርቁት የተባለውን። አሰፋች በሩን እንደያዘች ሰማቻት።

«ይቅር በይኝ፣ አሰፉ።»

«ዓይን እንደሌለኝ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? እኔማ ድሮም አውቃለሁ። ለሮቤ ንገሪ።»

ቅሉን ተቀበለቻትና ገባች። ግቢ አላለቻትም።

ሃጂራ ለሮቤ ተናገረች። ሻይ ቤት ቆማ፣ ቅመም ተራ ሄዳ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ተናገረች። ሰው እሺ እሺ አላት። ዞር ስትል ደግሞ «ጎባ ሄዳ ነበር አሉ፣ አሰፋች ድግምት አስነክታታለች» አለ። ኢብሳ ሌላ አግብቷል። መርዋ «ያለፈ ነገር ምን ታነሣሣለች» ትላለች፤ ያለፈው ለማን እንደሆነ አልገባኝም። ከሊል ዛሬም ይወጋል።

ሚስማሩ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። አሰፋች ቅሉን አልመለሰችም። ሃጂራ አዲስ ቅል መግዛት ትችል ነበር፣ አልገዛችም፤ ወተቱን አሁን በጀሪካን ጥሬውን ትሸጣለች። ቅሉ የተመለሰ ዕለት ባዶውን እንደማይመጣ ታውቃለች። እፍኝ ገብስ ይበቃታል። እስካሁን አልመጣም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ላማችሁን የሚወጋ ሰው ሲመጣ ሳትጠይቁ አታሰናብቱት፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ለየትኛው በሽታ ነው፣ ወተቱና ሥጋው ለሰው የሚሆነው መቼ ነው? ጠርሙሱን ያንብብላችሁ፤ ካላነበበ አይውጋ። እስከዚያ ድረስ ያለውን ወተት ድፉት፣ ነውሩ በእኔ ይሁን። ሮቤ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና ንገሩልን፦ የሃጂራን ወተት እንዳይረጋ ያደረገው መርፌ ነው፣ አሰፋች አይደለችም።