የውስጡ ክር

ዛሬ እስራኤል፣ ናታንያ መሀል ከተማ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥ አንድ ሐኑት መስኮት ክር የሌለው የማጥመጃ ዘንግ መዘውር አየሁና እግሬ ተያዘ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ ጎረቤት ለሰጣቸው መዘውር ክር ሊገዙ ይዘውኝ ሄዱ። ጣና ዳር ያደጉት አያቴ ዕብራይስጥ ስለማያውቁ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሻጩ ዝንብ የሚመስል የላባ ማታለያ የሚወረወርበትን ወፍራም ክርና ከሥሩ የሚጠመጠመውን ቀጭን ክር አቀረበ። አያቴ ቀጭኑን በጥርሳቸው ይዘው ሳቡት።

«የላዩ ለመወርወር ነው፤ ትልቅ ዓሣ ሲሸሽ የሚይዘው የውስጡ ነው» አሉኝ።

ሻጩ «ቀጭኑን መዘውሩ እምብርት ላይ ሁለቴ ይቋጥሩት፤ አለዚያ ይሾልካል። ንገሪያቸው» አለኝ። ወዲያው የክፍሌ ልጆች ገቡ። እነሱ ፊት አማርኛ መናገር አሳፈረኝና ዝም አልኩ።

«ነገርሻቸው? ቤሴደር?» ብሎ ሁሉም ደህና መሆኑን ሲጠይቀኝ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

በማግሥቱ ባሕሩ ዳር ትልቅ ዓሣ ነከሰላቸው። መዘውሩ እያፏጨ ዞረ፤ ወፍራሙ ክር አለቀ፣ ቀጭኑም ተከተለ፣ ጫፉ ተፈትቶ ማዕበሉ ውስጥ ገባ። ልይዘው ሮጥኩ፤ ውሃው ወገቤ ሲደርስ ክሩ ከዓይኔ ጠፋ።

አያቴ ባዶውን መዘውር አገላብጠው አዩ። «ልጄ፣ ሰውየው ስለ ቋጠሮው የተናገረው ነበር?»

«የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያ የኔ እጅ ነው ያረጀው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ሊያጠምዱ አልወጡም።

ዛሬ ከመስኮቱ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳቸው። ከንፈሬን እያዩ ፈገግ አሉ።