የአክስቴ «ጻፉልኝ»

አክስቴ ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። መሥሪያ ቤት በገቡ ቁጥር «የሰማሁትን እረሳዋለሁ፤ ጻፉልኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ሸሕዲ ከተማ እኛ ቤት ክፍል የተከራየ፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የመጣ ሠራተኛ ወባ ያዘው። ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ክኒን ውጦ ጨረሰ፤ ትኩሳቱ ግን ባሰበት። አክስቴ ባዶውን ማሸጊያ ገልብጠው ቢያነቡት ጊዜው ያለፈበት ነው። ሰውየውን ጤና ጣቢያ አስተኙና ማሸጊያውን በመሐረብ ቋጥረው ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ኃላፊው «እናጣራለን እማማ፤ ሌላ ቀን ይመለሱ» አላቸው።

«መቼ እንደምታጣሩ ጻፍልኝና እሄዳለሁ።»

«ለምን? አያምኑኝም?»

«አንተንማ አምንሃለሁ፣ ልጄ። ነገ ቢቀይሩህ ግን ማንን እይዛለሁ?»

እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከምሳ በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጣቸው። በተጻፈው ቀን ተቆጣጣሪዎች መድኃኒት ቤቱ መጥተው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሁሉ ከመደርደሪያው አወረዱ። ሠራተኛውም ድኖ ወደ እርሻው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ለአክስቴ ያሳይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሞታቸውን ያልሰማች አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ሽሮፕ ይዛ መጣች። «እትዬ አሉ?» አለችኝ። ጠርሙሱን ተቀበልኳትና ቀኑን ፈለግሁ።