ወደ ግራ የምትሸሸው ፒክአፕ

ችግኝ ሻጯ ሰው የነገራትን በእጇ ካልነካች አታምንም። የአፈር ጆንያ ስትረከብ አፉን ሳይሆን ሥሩን ፈትታ ነው የምታየው። "አሁን ውሃ ጠጥቷል" ያሏትን ችግኝ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰክታ ታረጋግጣለች። ታናሽ ወንድሟ ከልጅነታቸው ጀምሮ "መርማሪዋ" እያለ ይጠራታል፤ እሷም ስሙን አትጠላውም።

"ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር" ትለዋለች።

"አንቺ ስንጥሩን ስትፈልጊ ገንፎው ይቀዘቅዛል" ይላታል እሱ።

አባታቸው ሲሞት ለሁለቱ የተወላቸው አንዲት ፎርዊል ፒክአፕ ናት፤ ጭቃ ሲመጣ ከፊትም ከኋላም አራቱም ጎማዎቿ የሚገፉ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ሞተሯ ግን ያልሰነፈ። የሳምንቱን ግማሽ እህት አፈርና ችግኝ ታመላልስባታለች፤ ግማሹን ወንድም ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ ይጭንባታል። የጋራ መኪና እንደ ጋራ ብርድ ልብስ ነው፤ ሁልጊዜ ሌላው ወደ ራሱ የጎተተ ይመስላል።

አንድ ጡብ ሠሪ መኪናዋን ካልሸጣችሁልኝ ብሎ ሲወተውታቸው ከርሟል። እህት ልቧ ወደ መሸጡ ካዘነበለ ቆይቷል፤ ለቅዳሜ መጥቶ እንዲያያትም ነግራዋለች። ወንድም ግን ያለሷ ሥራ የለውም። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ "እምነት ያጎደልኩ ቀን እንዳሻሽ አድርጊ" ብሎ ቃል ሰጣት። እሷም ከዚያ ወዲህ ያቺን ቀን ስትጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ተረክባ ከግቢ እንደወጣች ቀኗ የመጣች መሰላት። ነዳጅ ስትሰጣት መኪናዋ ወደ ግራ ትሸሻለች፤ እግሯን ስታነሳ ደግሞ ትተወዋለች። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንኳ መሪውን ወደ ቀኝ አጣማ ካልያዘችው ቀጥ ብላ አትሄድም። ዳር ይዛ ቆመችና ወርዳ የመኪናዋን ፊት ፈተሸች። መብራቶቹ ደህና ናቸው። መከላከያው አልተጫረም። እንዲያውም ያብረቀርቃል። ይሄኔ ጥርጣሬዋ ነቃ፤ ታጥቧል!

ስልኳን አወጣች።

"መኪናዋን ምን አድርገሃት ነው?"

"እንደምን አደርሽ፣ እታለም።"

"ምን አድርገሃት ነው አልኩህ!"

"ምን ሆነች? አየር ጎድሏት ይሆናል።"

"ፊቷን ለምን አጠብካት?"

ትንሽ ዝም አለ። "ቆሽሻ ነዋ።"

"አንተ? ከተወለድክ ጀምሮ መኪና አጥበህ ታውቃለህ?"

"እታለም፣ ሰው መኪና ስላጠበ ይከሰሳል እንዴ?"

ያቺ ትንሽ ዝምታ ነበረች ያልጣመቻት። የሆነ ነገር ገጭቷል፣ ደብቋል፣ አሁንም ዐይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። መኪናዋን አዙራ በቀጥታ ወደ ጋሽ ቀስታ ጋራዥ ነዳች።

ጋሽ ቀስታ ስሙን ያገኘው ከአፉ ከማይለየው ቃል ነው፤ "ቀስታ፣ ቀስታ" ሳይል ቡሎን አይፈታም። መሪ አስቸገረኝ ብሎ የመጣን ሰው ከመኪናው በፊት እሱን ይጠይቃል።

"ይህ ልጅ ገጭቷታል" አለች ገና ሳትወርድ። "የት ጋ እንደገጫት ብቻ አሳየኝ።"

"ቀስታ፣ እህቴ። እሱን ተይውና የምታደርገውን ንገሪኝ።"

ነገረችው። ነዳጅ ስትሰጥ ትሸሻለች፣ እግሯን ስታነሳ ትተወዋለች የሚለው ላይ ሲደርሱ የሽማግሌው ቅንድብ ከፍ አለ፤ "ድገሚልኝማ" አላት። ደገመችለት። ምክንያቱን አልነገራትም፤ እሷም ይህን ሰውዬ በልቧ መዝገብ ከተጠርጣሪዎች ተርታ አስገባችው። ስንት መካኒክ ነው ደህናውን ዕቃ ነቅሎ አሮጌ የሚሰካው!

ጋሽ ቀስታ መጀመሪያ ያየው ጋቢና ውስጥ ያለውን የፎርዊል ማርሽ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊሉ ገብቶ ከቀረ የፊትና የኋላ ጎማዎች ይታገላሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይም መኪናው እየነጠረ ይንገጫገጫል። ስንቱ ሰው ለዚህች ብቻ ሲል ደህናውን መሪ አስፈትቷል! ማርሹ ግን አልገባም። ቀጥሎ የጎማዎቹን አየር ለካ፤ እኩል ነው። ከዚያ የፊቱን ሁለት ጎማዎች ፈትቶ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀያየራቸው።

"ይሄ ደግሞ ምን ይባላል?" አለች።

"ጥፋቱ የጎማው ከሆነ ጎማው ጥፋቱን ይዞ ይሻገራል። አሁን ወደ ቀኝ መሸሽ አለባት።"

እንዴት ያለች ሙከራ ናት! አንድም ዕቃ ሳይገዛ፣ አንድም ሰው ሳይታመን፣ ጎማ ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። ጋራዡ ፊት ለፊት ያለችውን መንገድ አንዴ ደርሰው ተመለሱ። መኪናዋ አሁንም ወደ ግራ ሸሸች። ጎማዎቹ ነጻ ወጡ። ሲመለሱ ቸርኬዎቹን በእጁ ዳሰሰ፤ ፍሬን ይዞ የቀረ ጎማ ይግላልና። ሁሉም እኩል ለብ ብለዋል።

"አሁን የፊት እግሯን እንይ" አለና በክሪክ አነሳት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ኩሽኔታው ቢላላ ኖሮ እዚህ ላይ ይንቋቋ ነበር። በግራና በቀኝ ይዞም ነቀነቀው፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኙት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ክፍተት ቢኖራቸው ይህ ያሳብቃል። ምንም የለም።

"ምንም የለም?" አለች፤ ድምጿ ቅሬታ የተሸከመ ነበር።

"ካላመንሽኝ ግቢና ዳብሺው።"

ለሌላ ሰው ቀልድ ነበር። ችግኝ ሻጯ ግን ካርቶን አነጠፈች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ጋሽ ቀስታ ከክሪኩ አውርዷት፣ መሬት ባረፉት ጎማዎች ላይ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ እሷ የእያንዳንዱን ዘንግ መገጣጠሚያ በመዳፏ ጨበጠች። ክፍተት ያለው መገጣጠሚያ ዘንጉ ከመንቀሳቀሱ በፊት መዳፍ ውስጥ ቀጭ ይላል፤ ዐይን ያላየውን እጅ ይሰማዋል። ሁሉም ጠበቅ ብለው ታዘዙ። ከሥር ሆና የፊቱን ሻንሲ በስልኳ መብራት ስንዝር በስንዝር አየችው። የተጣመመ፣ የተበየደ፣ የተላጠ ቀለም የለም።

"እንዲያው አንድ ጭረት ብታገኚ ምን ያህል ደስ ባለሽ!" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ወንድሟ ነው፤ ሩጫ ላይ የዋለ ይመስል ያለከልካል።

"ጥፋተኛ ካልሆንክ ምን አስሮጠህ?"

"አንቺን ስለማውቅ! ጋሼ፣ ምን ቀየሩባት? አሮጌውን ዕቃ ልየው።"

ጋሽ ቀስታ ሳቀ። "የአንድ እናት ልጆች መሆናችሁን ሳልጠይቅ አወቅሁ። ምንም አልቀየርኩም።"

ሽማግሌው ወደ ጋቢና ተመለሰና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞረው፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ። ደገመው። ወደ ቀኝ ቶሎ ያልቃል፤ ወደ ግራ ግን ከአንድ መዳፍ በላይ ይተርፋል። ፊቱን ቅጭም አድርጎ የጥሩንባውን ክዳን ከመሪው መሀል አነሳ። ሥሩ ያለችው ትልቋ ዳዶ ጠርዟ ላይ የቁልፍ ጭረት አዲስ ሆኖ ያበራል።

"ይህ መሪ በቅርቡ ተነቅሎ፣ ዞር ተደርጎ ተተክሏል" አለ። "እኔ አይደለሁም።"

እህት ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። ወንድም ጫማውን አየ።

"አንተ ነህ?"

"እታለም..."

"አንተ ነህ ወይ?"

"እኔ ነኝ። መሪው ተጣሞ ነበር። ነቅዬ ቀጥ አድርጌ ሰካሁት። ቀጥ ብሎ ካየሽው ምንም አትዪም ብዬ ነው።"

"ምን ገጭተህ?"

"ምንም! አባቴን! ከሳምንታት በፊት ጀምሮ እየተጣመመ ነው የመጣው። ብነግርሽ ለጡብ ሠሪው ትሰጪያታለሽ።"

"መከላከያውስ?"

"አንዲት ሴትዮ ነጭ ሶፋዬን በዚህ ጭቃ መኪና አትጭንም ብላኝ ነው። ደውለሽ ጠይቂያት!"

"እጠይቃታለሁ" አለች፤ የምሯን ነው። የፈለገችውን ውሸት አግኝታለች፤ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም። "እምነት አጉድለሃል። ቃልህን ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ቀስታ" አለ ጋሽ ቀስታ። "መሪውን ያጣመመውን ሳናውቅ ፍርድ? መሪ ማቃናት ትኩሳት ላይ በረዶ ማድረግ ነው፤ በሽታው ሥራውን አላቆመም፤ እንደገና ተጣሟል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ነይ፣ ያቺ 'ነዳጅ ስሰጣት ትሸሻለች' ያልሽኝ ነገር ወዴት እንደምታደርሰን ላሳይሽ።"

መኪና የሚታጠብበት ጥግ ላይ ውሃ ተኝቷል። ጋሽ ቀስታ መኪናዋን በውሃው ውስጥ አሳልፎ ወደ ደረቁ ሲሚንቶ ቀጥ አድርጎ በቀስታ ነዳት። እህትና ወንድም ከኋላ ተከተሉ፤ አጎንብሰው፣ ጎን ለጎን፣ እየተኳረፉ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ ይረግጣል፤ የሚተወውም ሁለት እርጥብ መስመር ነው። እዚህ ግን አራት መስመር ነበር። የኋላዎቹ ሁለቱ ወደ ቀኝ ወጣ ብለዋል። መኪናዋ እንደሚሮጥ ውሻ ጎኗን ሰጥታ ነበር የምትሄደው።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው" አለ ሽማግሌው እየወረደ፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቷል። "ፊቷን ስንመረምር ዋልን፤ የታመመው ኋላዋ ነው!"

የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን አክስል የሚይዙት የብረት ቅጠሎች የተደራረቡባቸው ባሌስትራዎች ናቸው። ቅጠሎቹን መሀላቸው ላይ ወግቶ የሚይዝ አንድ ቡሎን አለ፤ የቡሎኑ ራስ አክስሉ ላይ ካለች ጉድጓድ ገብቶ አክስሉን በቦታው ያስቀምጠዋል። የግራው ቡሎን ተቆርጧል። ዙሪያውን የሚያስሩት የታጠፉ ቡሎኖችም ላልተዋል። ስለዚህ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የግራው ጫፍ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አክስሉ ይጣመማል፤ ቂጧ ወደ ቀኝ ሲገፋ ፊቷ ወደ ግራ ይዞራል። እግር ሲነሳ ይመለሳል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

እህት ጣቷን አስገብታ የተቆረጠውን ጫፍ ዳበሰችው። አመነች።

"ምን ቆረጠው?" አለች። "ቁም ሳጥን? ማቀዝቀዣ?"

ጋሽ ቀስታ መልስ ሳይሰጥ የቀኙንና የግራውን ባሌስትራ አሳያት። የቀኙ እንደ ቅንድብ ጎብጧል፤ የግራው ተኝቷል። ከዚያ የመኪናዋን የጭነት ሳጥን ከፈተ። የግራው ጎን ወለል ተጎድጉዷል፤ ጥጉ ላይ የተጋገረ ጥቁር አፈር አለ። የቀኙ ቀለም ገና አልተነካም።

"እርጥብ አፈር የምትጭነው ማን ናት?" አለ ወንድም፤ ሳቁን ሊውጠው እየታገለ።

መርማሪዋ የተጋገረውን አፈር በጣቷ ፍቃ አየችው። መኪናዋን ስታቆም የችግኝ ግቢዋ በር በግራ በኩል ነው። ጆንያዎቹን ሁልጊዜ ከዚያው በኩል ወርውራ ትሄዳለች፤ ወደ ቀኝ መግፋት ወገብ ይፈልጋል። አንድ ቀን እንኳ ዞራ ያየችውም የለ።

"አንተም ቁም ሳጥን ጭነሃል" አለች በመጨረሻ።

"ጭኛለሁ። መሀል ላይ።"

"መሪውንም ነቅለሃል።"

"ነቅያለሁ። አንቺም ብነግርሽ ትሸጪያት ነበር።"

"እሸጣት ነበር" አለች። ቀጥላም፣ "ያም ደግሞ አያስፈራህም አልልም።" ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር እንደ ይቅርታ ይቆጠራል፤ ወንድምም እንደዚያው ቆጠረው።

ጋሽ ቀስታ አዲስ የመሀል ቡሎን አስገባ፣ አክስሉን በቦታው መለሰ፣ መሪውንም ነቅሎ ወደ ጥንት ቦታው ሰካው። ማሰሪያዎቹን ሲያጠብቅ ችግኝ ሻጯ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ እያንዳንዷን ዳዶ አየች፤ የመጨረሻዋን ቁልፉን ተቀብላ ራሷ አጠበቀች። እንደገና በውሃው አሳለፉ። ወንድም ነዳ፣ እህት ከኋላ አጎንብሳ ተከተለች።

"ስንት መስመር ነው?" ብሎ በመስኮት ጮኸ።

"ንዳ፣ ገና እያየሁ ነው!" እስከ ግቢው ጫፍ አየች። "ሁለት!"

"አልጨረስንም" አለ ጋሽ ቀስታ እጁን እየጠረገ። "አዲስ ቡሎን ጭነት ሲያርፍበት ይላላል። አንድ ሁለት ጊዜ ጭናችሁ ተመለሱና ዳግመኛ አጠብቀዋለሁ። ይህን የረሳ ሰው ያንኑ በሽታ ይዞ ይመጣል።"

"ቅዳሜ አመጣታለሁ" አለች።

ወንድም መሪውን እንደያዘ አንገቱን አወጣ። "ቅዳሜ ጡብ ሠሪው ይመጣ የለ?"

"ዛሬ ደውዬ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ። የሶፋዋንም ሴትዮ ስልክ ስጠኝ፤ አብሬ እደውላለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ችግኝ ግቢው በር ላይ ጆንያዎቹን አብረው ጫኑ። እሷ ወገቧን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ የመጀመሪያውን ወደ ቀኝ ጥግ ገፋችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

"እታለም" አለ ወንድሟ፤ "አሁን ደግሞ የቀኙን ልትቆርጪው ነው እንዴ? መሀል ላይ አድርጊው!"