ድንጋይ የምትወረውርብኝ ጎረቤቴ

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ኮሮና የገባ ጊዜ ልጄ ከግቢ እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ጎረቤቴ የመተማዋ አሮጊትም ልጇ በር ዘጋችባት። እኛ ደግሞ ካልተሰዳደብን እህል አይወርድልንም። ስለዚህ በሳር አጥሩ ላይ ድንጋይ መወራወር ጀመርን።

"እጅሽ ይቆረጥ፣ አንቺ ጥርሰ ውልቅ!" ትልና ትመልስልኛለች። አንድ ቀን ግንባሬን ፈነከተችኝ፤ ደሜን እየጠረግሁ ሳቅሁ።

ኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ብወረውር መልስ የለም። ልጇን ጮኼ ጠየቅኋት።

"ትኩሳትም ሳልም የላት እማማ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ እህል እንቢ ብላለች" አለችኝ።

ፋስ አንስቼ አጥሩን ሸረከትሁት። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ገባሁ። አንገረብ አልጋዋ ላይ ኩርምት ብላለች።

"ተነሽ! እኔ ሳልገድልሽ ልትሞች ነው?" ብዬ ጎኗን በከዘራ አቀመስኋት። ደገምኋት። ሦስተኛውን ስሰነዝር ከዘራዬን ነጥቃ ጉልበቴን ብትለኝ መሬት ላይ ተዘረርሁ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ምን ትሠሪ ነበር?" አለችኝ እያለቀሰች። "ድንጋዩን የተውሁት እንድትመጭ ነበር እኮ!"

የዚያን ዕለት ገንፎ በላች። እኔ እስከ ዛሬ አነክሳለሁ። አጥሩን ግን ማንም እንዲጠግነው አልፈቀድንም።